ምልክቱን መጨረሻ ላይ አንብቡት፦ አሮጌ ሰማያዊና ነጭ የሻይ ዕቃ ሲገጥማችሁ

«ሲኒ» የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። ትርጉሙ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ቡናችንን ፉት የምንልባት ጆሮ አልባ ዕቃ ከየት እንደመጣች ስሟ ራሱ ይናገራል። እንግሊዞችም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሻይ የጠጡት በእሷው ዓይነት ነበር። ጆሮ የላትም፣ ሰማያዊ ሥዕል አለባት፣ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። እዚህ እንግሊዝ አገር በእሁድ ገበያ መጀመሪያ ያነሳኋት እሷን ነው። የሻይ መሆኗን አላወቅኩም ነበር። ረከቦት ላይ የምትደረደር መስላኝ ነው የገዛኋት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ገዝቻለሁ። ብዙም ተሸውጃለሁ። የተሸወድኩት ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ስህተት ነው፤ ዕቃውን ገልብጬ ሥሩ ላይ ያለውን የሠሪውን ምልክት በማንበብ እጀምር ነበር። ምልክት ለመኮረጅ ቀላል ነው። አንዲት ጨረቃ ለመሳል ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ጭቃውን፣ እግሩንና ብርሃን የሚያሳልፍበትን ሁኔታ መኮረጅ ግን ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው።

የማወራው ስለ ሁለት ዓይነት ዕቃ ነው። አንዱ ቻይና ውስጥ፣ በተለይ ጂንግደዠን ከተማ፣ ተሠርቶ ወደ አውሮፓ የተላከው ነው። ሌላው እንግሊዞች እሱን እያዩ የሠሩት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመንካታችሁ በፊት

ቀለበት አውልቁ። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ጓንት አያስፈልግም፣ ያንሸራትታል። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፉ። መሣሪያው የስልክ መብራት፣ ትንሽ ማጉያ መነጽርና ከተገኘ የዩቪ (የአልትራቫዮሌት ብርሃን) ባትሪ ነው። ሌላ ምንም አያሻም።

በራድ ከሆነ መጀመሪያ ክዳኑን አንሱና ለብቻው አስቀምጡት። በራዱን ስትገለብጡ ክዳኑ አብሮ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ «ውይ» ማለት ትርፍ የለውም። በራዱን ደግሞ በጆሮው አታንሱት። ጆሮው ከመቶ ዓመት በፊት ተሰብሮ በሙጫ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከጎን፤ ልክ ሕፃን እንደማቀፍ።

2. ብርሃን አሳዩት

መጀመሪያ የሚለየው ፖርሴሊን (ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ዕቃ) ነው ወይስ ሸክላ የሚለው ነው። የስልኩን መብራት አብሩና ከዕቃው ኋላ ያዙት። በመብራቱና በዕቃው መካከል ጣታችሁን አንቀሳቅሱ። በፊት በኩል የጣታችሁ ጥላ ሲሄድ ከታየ ፖርሴሊን ነው። ድፍን ያለ ጨለማ ከሆነ ሸክላ ነው። በራድ ወፍራም ስለሆነ ሊያታልል ይችላል፤ ሳሳ ያለ ቦታ ፈልጉ። የሲኒ ሰሃን ከሁሉም ይቀላል።

እዚህ ጋ ጉዴን ልንገራችሁ። መሰብሰብ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሥሯ ላይ የጨረቃ ምልክት ያለባት ሲኒ አገኘሁ። ጨረቃ ዉስተር የተባለው የእንግሊዝ ፖርሴሊን ፋብሪካ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ምልክት ነው፤ ይህን አንብቤ ነበር። ልቤ ዘለለ። ሻጩ የጠየቀኝን ሳልከራከር ከፈልኩ። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ለጓደኛዬ ፎቶ ላክሁላት። ማታ ቤት ገብቼ ከመብራት ፊት ሳቆማት እንደ ጀበና ጨለማ። የድሮው ዉስተር የሻይ ዕቃ ፖርሴሊን ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። የእኔዋ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራች ሸክላ ሆና ተገኘች። ሻጩ አልዋሸኝም፤ «ዉስተር ነው» አላለኝም። እኔው ራሴን ነው የሸወድኩት።

ብርሃን ካሳለፈ ቀጥሎ የብርሃኑን ቀለም እዩ። ጨለም ያለ ክፍል ይመረጣል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዉስተር ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ጎረቤቱና ተፎካካሪው የነበረው የካፍሊ ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ይሄዳል። ቦን ቻይና የሚባለው፣ የአጥንት አመድ የገባበትና ከ1800 አካባቢ ጀምሮ የተስፋፋው፣ ጥርት ያለ ነጭ ያሳያል። የስልክ መብራት ራሱ ነጭ ስለሆነ ልዩነቱን ትንሽ ያደበዝዘዋል። ቢጫማ አምፖል ካላችሁ በእሱ ሞክሩት።

ቀለሙ የሚለያየው ጭቃው ስለሚለያይ ነው። ቻይናዎች ካኦሊን የተባለውን ነጭ አፈርና የተፈጨ ድንጋይ ቀላቅለው ወደ 1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እሳት ይተኩሱ ነበር። እንግሊዞች ምስጢሩን ስላላወቁ የየራሳቸውን ቅመም ፈለጉ። ለንደን አጠገብ የነበረው የቦው ፋብሪካ የአጥንት አመድ አስገባ። ፋብሪካውንም በቻይናዋ የወደብ ከተማ ስም «አዲሲቱ ካንቶን» ብሎ ጠራው፤ ድፍረታቸው ደስ ይላል። በ1751 የተመሠረተው ዉስተር ደግሞ ከኮርንዎል የሚመጣ የሳሙና ድንጋይ ተጠቀመ። ይህ ድንጋይ ነው ዉስተርን ያበለጸገው። የሌሎቹ በራዶች የፈላ ውኃ ሲገባባቸው ጧ ብለው ሲሰነጠቁ የዉስተር ቻለው። ሻይ ለሚጠጣ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም።

3. እግሩን ዳስሱ

ዕቃውን ገልብጡት፤ ግን ምልክቱን ገና አታንብቡ። ዓይናችሁን የሚቆምበት ቀለበት ላይ አድርጉ። እኔ እግር እለዋለሁ።

የቻይናው እግር ግሌዝ፣ ማለትም መስታወት መሰሉ ሽፋን፣ አይነካውም። ጭቃው ራቁቱን ነው። በጣት ሲዳሰስ ደረቅና ጠንካራ ነው። ግሌዙ በሚያልቅበት መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ዝገት የመሰለ ቀጭን ብርቱካንማ ጠርዝ ይታያል፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት እሳት ላይ ያመጣው ነው። አሸዋ የተጣበቀበትም አለ።

የዉስተርና የካፍሊ እግር ሌላ ታሪክ አለው። ከእግሩ ውስጠኛ ጠርዝ አጠገብ ግሌዝ የሌለው ቀጭን ክብ መስመር ፈልጉ። ግሌዙ ወደ እግሩ ፈስሶ ዕቃውን ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር እንዳያጣብቀው ሠራተኛው በእንጨት ጠርጎት ነው። ያቺን መስመር በማጉያ ሳይ ሁሌም ሠራተኛው ከጎኔ የቆመ ይመስለኛል።

ሸክላ ከሆነ ደግሞ ከሥር ሦስት ትንንሽ ጠባሳዎች ሊኖሩ ይችላሉ። እቶን ውስጥ ያቆሙት ድጋፎች የተዉት ነው።

መጨረሻ ላይ ጭረቱን እዩ። ሁለት መቶ ዓመት ጠረጴዛ ላይ የተጎተተ እግር ጭረቱ ወዲያና ወዲህ ነው፤ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ስስ፤ ያደፈም አለ። ሁሉም ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደና አዲስ ከመሰለ አንድ ሰው በአሸዋ ወረቀት አሽቶታል።

4. ሥዕሉ በብሩሽ ነው ወይስ በወረቀት?

ሰማያዊው ኮባልት ነው። ጭቃው ላይ ይሣላል፤ ከላይ ግሌዝ ይፈስበታል፤ ከዚያ ይተኮሳል። ለዚህ ነው በጣት ስትዳስሱት ሥዕሉ የማይሰማው። ከግሌዝ ሥር ነው ያለው። ቻይናዎች ይህን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ተክነውበት ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያሉት የዴቪድ ማሰሮዎች የተባሉት ሁለት ትልልቅ ዕቃዎች 1351 ዓመት ተጽፎባቸዋል።

የቻይናው ሥዕል በእጅ ነው። ማጉያችሁን አምጡና የዛፍ ቅጠል ወይም የድንጋይ ጥላ ላይ አድርጉ። ብሩሹ ሲያርፍ ጠቆር፣ ሲሄድ ሳሳ ይላል። መጀመሪያ ዙሪያው ይሣላል፤ ከዚያ ውስጡ በውኃማ ቀለም ይሞላል። አንዳንድ ቦታ ከመስመሩ ይወጣል። የቸኮለ እጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ድልድይ ሲሥል የዋለ።

እንግሊዞች ከ1750ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አቋራጭ አገኙ። ሥዕሉ መጀመሪያ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። ሰሌዳው ይሞቅና በዘይት የተለወሰ ኮባልት ይታሸበታል። ትርፉ ይጠረጋል። ስስ ወረቀት ተጭኖ ሥዕሉን ይቀበላል። ወረቀቱ ግሌዝ ያልነካው ዕቃ ላይ ተለጥፎ በብሩሽ ይታሻል። ከዚያ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወረቀቱ ይለቅና ቀለሙ ይቀራል። እጀ ጠባብ ቀሚስ ላይ ጥልፍ እንደመገልበጥ አድርጋችሁ አስቡት፤ አንድ ሰሌዳ ለብዙ ዕቃ።

ይህ ዘዴ አሻራ ይተዋል። በማጉያ ጥላው በሙሉ ከቀጫጭን መስመሮች ወይም ከነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የብሩሽ ዱካ አይታይም። ከንፈሩ ዙሪያ ያለውን የሐረግ ጌጥ ደግሞ በጣታችሁ ተከተሉት። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ የወረቀት ጫፎች ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ሐረጉ ድንገት ይቆረጣል ወይም ይደራረባል። ብዙ ሰው ይህን እንከን ይለዋል። እኔ ግን ካላየሁት ነው የምጠረጥረው።

አሁን አንድ ሰሃን ከቅርብ እንይ። ገበያ ላይ ቶሎ ቶሎ ከሚገጥሙት አንዱ «ዓሣ አጥማጁ» የሚባለው ነው። ሐይቅ አለ፤ ጀልባ አለ። ጀልባው ላይ የቆመ ሰው ዓሣ ይዟል፤ ሌላው ተቀምጦ ያጠምዳል። ይህን ሥዕል ዉስተርም ካፍሊም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አትመውታል። ሲያዩት አንድ ነው። ነገር ግን የቆመው ሰው የያዛትን ዓሣ እዩ። ቀጭንና ረጅም ከሆነች ዉስተር ነው። አጭርና ወፍራም ከሆነች ካፍሊ ነው። የዋጋ ክርክር በአንዲት ዓሣ ወገብ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ከሁሉም የታወቀው ግን የአኻያው ሥዕል ነው። እንግሊዞች ዊሎ ይሉታል። በ1790 አካባቢ ነው መልክ የያዘው። የሚፈለገው ይህ ነው፦ መሐል ላይ ያዘነበለ አኻያ፣ ድልድይ ላይ ሦስት ሰዎች፣ ጀልባ፣ ትልቅ የቻይና ቤት፣ ከፊት አጥርና ሰማይ ላይ ሁለት ወፎች። ሻጮች ታሪክ ይነግሯችኋል። የሹም ልጅና ደሃ ጸሐፊ ተዋደው ጠፉ፣ አባት አሳደዳቸው፣ ሞተው ወፍ ሆኑ የሚል። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ግን የቻይና አይደለም። እንግሊዞች ሥዕሉ ከወጣ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በ1840ዎቹ፣ ለሽያጭ የፈጠሩት ነው። ሥዕሉም ቢሆን ቻይናን አይተው በማያውቁ እንግሊዛውያን ቀራጮች እጅ ከቻይና ሥዕሎች ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው። «የጥንት የቻይና አፈ ታሪክ» ብሎ የሚጀምር ሻጭ ስለ ዕድሜውም የሚነግራችሁን በጥርጣሬ ስሙት።

አኻያው ከ200 ዓመት በላይ ሳያቋርጥ ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ አኻያ ያለበት ሁሉ አሮጌ አይደለም። አብዛኛውም ፖርሴሊን ሳይሆን ሸክላ ነው። ስፖድ የተባለው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ በ1784 ሸክላ ላይ ከግሌዝ ሥር በሰማያዊ ማተምን ካሻሻለ በኋላ የሸክላ ሥራ ከተማ በሆነችው ስቶክ አካባቢ ያሉ ብዙ ፋብሪካዎች ተከተሉት።

5. ቅርጹ ምን ይላል?

በራዱ በጣም ትንሽ ከሆነ አትገረሙ። ሻይ ውድ ነበር። እንግሊዝ በ1784 የሻይ ቀረጥን ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ አወረደች። ከዚያ በኋላ ሻይ የሁሉም ሰው ሆነ፤ በራዱም እየሰፋ ሄደ።

የሲኒው ሰሃን ጥልቅ ከሆነና መሐሉ ላይ ሲኒ የሚያርፍበት ጉድጓድ ከሌለው ጥሩ ምልክት ነው። የድሮ ሰው ሻዩን ሰሃን ላይ አፍስሶ አቀዝቅዞ ይጠጣ ነበር፤ እኛም ቤት ለሕፃናት የምናደርገው ነው። አንድ ሌላ ነገር፦ ሁለት ሲኒ፣ አንድ ሰሃን ካገኛችሁ አንድ ሰሃን ጠፍቷል ብላችሁ ዋጋ ለማስቀነስ አትሩጡ። ያኔ ጆሮ አልባው የሻይ ሲኒና ጆሮ ያለው የቡና ሲኒ በአንድ ሰሃን ይሸጡ ነበር። ሰው ሁለቱን አንዴ አይጠጣማ።

6. ስብራት ፍለጋ

ሲኒውን መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና በጥፍር ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛ ፖርሴሊን ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ደንቆሮ ድምፅ ካወጣ ስንጥቅ አለ። በራድ ላይ ይህ ብዙ አይሠራም፣ ጆሮና አፍንጫው ድምፁን ያፍኑታል።

ቀጥሎ ጥፍራችሁን ከንፈሩ ዙሪያ አዙሩ። የተሸረፈ ቦታ ይይዛችኋል። የበራድ አፍንጫ ጫፍና የክዳን ጠርዝ ከሁሉም በፊት የሚሸረፉ ናቸው። የተጠገነ ቦታ ከግሌዙ ይልቅ ሞቅና ለስለስ ይላል፤ ፖርሴሊን ቀዝቃዛ ነው። ዩቪ ባትሪ ካላችሁ ጨለማ ውስጥ አብሩበት። አዲስ ቀለምና ሙጫ ከቀሪው ዕቃ በተለየ መልክ ያበራሉ።

ከሥር የብረት ማያያዣ የተመታበት ሰሃን ካያችሁ አትሽሹ። ሱፐር ግሉ ከመምጣቱ በፊት ስብራት እንደዚህ ነበር የሚጠገነው፤ የተሰነጠቀ ቅል በእኛ አገር እንደሚሰፋው። ዋጋውን ይቀንሳል። እኔ ግን ሁለት አሉኝ፤ አልሸጣቸውም።

7. አሁን ምልክቱን አንብቡ

እስካሁን ያያችሁት ሁሉ አንድ መልስ ሰጥቷችኋል። ምልክቱ ያንን መልስ ይደግፋል ወይስ ይቃረናል? ከተቃረነ ምልክቱን ሳይሆን ጭቃውን እመኑ።

የዉስተር ጨረቃ በእጅ በተሣለው ላይ ባዶ ናት፤ በታተመው ላይ ውስጧ በመስመር ተሞልታለች። የቻይና ማኅተም የሚመስል አራት ማዕዘንም ተጠቅመዋል። ካፍሊ በአብዛኛው ኤስ ወይም ሲ የሚሉ የላቲን ፊደሎች አሉት። ሲ ደግሞ ከጨረቃ ጋር እንዴት እንደምትመሳሰል አስቡት። የቻይና ፊደል አስመስለው የጻፏቸው ቁጥሮችም አሉ። እነዚህን ቁጥሮች ሊቃውንቱ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ የካፍሊ ናቸው ሲሉ ኖረዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የዉስተር ፋብሪካ ቦታ ሲቆፈር ግን ስብርባሪዎቹ እዚያ ወጡ። ዉስተር ነበሩ።

የቻይና ምልክት ስድስት ወይም አራት ፊደል ሆኖ የንጉሥ ስም ከያዘ ቀስ በሉ። የካንግሺ ዘመን የሚቆጠረው ከ1662 እስከ 1722 ነው። ስሙ ግን ለቀደሙት ካለ አክብሮት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃዎች ላይም ተጽፏል። ያኔ ማጭበርበር አልነበረም። ዛሬ ግን አንድ ሻጭ «ካንግሺ» ብሎ ሲያነብላችሁ እግሩን መልሳችሁ እዩ።

የኋለኛው ዘመን ምልክት ይቀላል። የዳይመንድ ቅርጽ ያለው የእንግሊዝ ምዝገባ ከ1842 እስከ 1883 ያለውን ያሳያል። «ኢንግላንድ» የሚል ብቻ ካለ በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ ነው፤ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አገሩ እንዲጻፍበት ሕግ ያስገደደው ያኔ ነው። «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ካለ 20ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብላችሁ ተነሱ። ምንም ምልክት ከሌለ ደግሞ ምንም አይደለም። ወደ አውሮፓ የተላከው የቻይና ዕቃ አብዛኛው ምልክት የለውም። በ1752 በሰመጠችው ጌልደርማልሰን በተባለች የሆላንድ መርከብ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ዕቃ ነበር። በ1985 ከባሕር ሥር ወጥቶ በዓመቱ አምስተርዳም ላይ ሲጫረት ገዢዎች ያመኑት መርከቧን ነው፤ የሲኒዎቹን ሥር አይደለም።

8. ቤት ከገባ በኋላ

በእጅ ብቻ እጠቡት። የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፉ፣ ለብ ያለ ውኃና ትንሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ። በረኪና በፍጹም አይንካው፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ጨው ይሠራና ግሌዙን ያነሳዋል። የተጠገነ ከሆነ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። የአሮጌ ሙጫ ነገር አይታወቅም።

ይጠጣበት ወይ? እኔ አልጠጣበትም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ግሌዝ እርሳስ የተባለው ብረት አለበት። ሎሚ የተጨመረበት ሻይ ደግሞ እርሳስን ያወጣል። ለዓይን ይሁን።

ስታስቀምጡ ሲኒ በሲኒ ላይ አትደርድሩ። ሰሃኖቹን መደራረብ ግድ ከሆነ በመካከላቸው ለስላሳ ወረቀት አድርጉ፤ ጋዜጣ ግን አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል። በመጨረሻ ትንሽ ወረቀት ላይ የገዛችሁበትን ቀን፣ ዋጋውንና ያያችሁትን በእርሳስ ጻፉና ሲኒው ውስጥ ጣሉት። «አረንጓዴ ብርሃን፣ ቀጭን ዓሣ፣ የተጠረገ እግር» እንዲህ ብቻ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለምን እንደገዛችሁት ትረሱታላችሁ።

የእኔዋ ባለ ጨረቃ ሸክላም ወረቀት አላት። ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች፤ ወረቀቷ ላይ የከፈልኩት ዋጋ ብቻ ነው የተጻፈው።